የከድጁ መንገደኞች

«አይዟችሁ፣ ቀስ በሉ። የሚያባርራችሁ የለም። እኔ እያለሁ ማንም ውሃ አይደፋባችሁም።»

አባቢያ ከሱብሂ ሶላት ተመልሶ ጫማውን በረንዳው ላይ ሲያወልቅ ይህን ሰማ። ድምፁ የሚስቱ ነው፤ የሚመጣው ደግሞ ከጓዳው አጠገብ ካለችው ትንሽ ክፍል። በዚህ ማለዳ ማንን ነው እንዲህ የምታባብለው ብሎ በበሩ ስንጥቅ አጮለቀ። ክፍሉ ውስጥ ከሷ በቀር ሰው የለም። ከድጁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ቀኝ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ፣ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ካጠለቀችበት እግሯ ጋር ታወራለች። ያውም ፈገግ ብላ! አባቢያ «አዑዙ ቢላህ» አለና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ይህን ሁሉ ዘመን አብሯት ሲኖር ከዶሮዎቹ ጋር ስትጣላ፣ ከሬዲዮው ጋር ስትከራከር ሰምቷታል፤ ከእግሯ ጋር ስታወራ ግን ሰምቷት አያውቅም። ምን ይበላት? የሰማውን እንዳልሰማ ሆኖ ጮክ ብሎ ሳለና «አሰላሙ ዓለይኩም» ብሎ ገባ። «ወዓለይኩም ሰላም። ሻይህ ፔርሙሱ ውስጥ ነው» አለችው ከድጁ፣ እግሯን በብርድ ልብሱ ጠቅለል እያደረገች።

እንግዲህ ከድጁን ማንም ሰው ቀወሰች እንዳይላት። ሚዛን ከተማ ገበያ ውስጥ ከድጁን አታልሎ የበሰበሰ ሽንኩርት የሸጠላት ነጋዴ ገና አልተወለደም። እሷ ከላይ ከላይ ያለውን አይታ አታልፍም፤ እጇን እስከ ክርኗ ሰዳ ከሥር ያለውን ነው የምታወጣው። ታዲያ እንዲህ ያለች ሴት የራሷ ገላ ጉዳይ ሲሆን ምን ነካት ያለ ሰው ካለ፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው በዚያች ትንሽ ክፍል መስኮት ሥር፣ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠው ማይክሮስኮፕ ነው።

ማይክሮስኮፑን ያመጣችው ልጇ ላምያ ናት። ላምያ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ደግሞ የዓሣ ቆዳ ሕዋሳት እንዴት እንደሚራመዱ ታጠናለች። «ይራመዳሉ? እግር አላቸው እንዴ?» ብላ ነበር ከድጁ መጀመሪያ የሰማች ቀን። የቤተ ሙከራው ጣሪያ እየታደሰ መዶሻ ሲወርድበት ስለሚውልና ትንሽ ንዝረት እንኳ ፎቶውን ስለሚያበላሽባት፣ ላምያ አለቃዋን አስፈቅዳ ዕቃዋን ቤት አመጣች። በሸዋ ቤንች መንገድ ኩሬ ቆፍሮ ዓሣ ከሚያረባ ገበሬ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በባልዲ ታመጣለች፤ ከነነፍሱ። ከዓሣው ገላ አንዲት ቅርፊት በወረንጦ ነቅላ፣ አጥባ፣ ምግብ ባለበት ጠብታ ውስጥ በስስ መስታወት ላይ ታስተኛታለች። ከዚያ ስልኳን ማይክሮስኮፑ ዓይን ላይ ገጥማ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ስልኩ ብቻውን አረፍ እያለ ፎቶ ሲያነሳ ይውላል። ማታ ፎቶዎቹ ተደርድረው ሲሮጡ፣ ዓይን የማያየው የቀን ሙሉ ጉዞ አንድ ሲኒ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ያልቃል።

ከድጁ በስኳር በሽታዋ የተነሳ እግሯ ቆስሎ እግርሽን ሰቅለሽ ተቀመጪ ከተባለች ወዲህ ሥራ ፈትታ ስለነበር፣ የማይክሮስኮፑ ዘበኛ ሆነች። በመጀመሪያው ቀን እንደ ቴሌቪዥኑና እንደ ፍሪጁ ዳንቴል አልብሳው ቁጭ አለች፤ ከድጁ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ ብሎ ነገር የለም። ላምያ ስትመለስ የቀኑ ፎቶ ሁሉ ጨለማ ሆኖ አገኘችው። «እማ! ሙሽራ መሰለሽ እንዴ የሸፈንሽው?» ብላ ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም። በማግስቱ ግን ፊልሙ ተሳካና እናትና ልጅ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው አዩት። በመጀመሪያ ከቅርፊቱ ጠርዝ ሥር ጥላ የመሰለ ነገር ወጣ። ጥላው ተያይዞ ተዘረጋ። ከዚያ አንዱ ተነጠለ፣ ሌላውም ተከተለ። ፊታቸው ሰፊና ስስ ነው፤ ጀርባቸው ላይ ትንሽ ጉብታ አለች። ለከድጁ ሕፃን አዝለው፣ ሻርፓቸውን ነፋስ ከፊት እየነፋው ለቅሶ የሚሄዱ ሴቶች መሰሏት። አይሮጡም፣ አይገፋፉም፣ አያወሩም። ዝም ብለው ይሄዳሉ። «ሱብሃነላህ!» አለች፣ እንባዋ መጣ። ለምን እንደመጣ አታውቅም።

«ያንቺም ቆዳ ሲድን እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ እማ» አለቻት ላምያ፣ እናቷ ደስ ያላት መስሏት። «ከቁስሉ ዳር ዳር ተነስተው ወደ መሀል ይሄዳሉ። ከዚህና ከዚያ የመጡት ሲገናኙ ይቆማሉ። ያኔ ቁስሉ ተዘጋ ማለት ነው።»

ላምያ የተናገረችው እውነት ነው፤ በክፉም አልተናገረችውም። ከድጁ ግን ቃሉን ልቧ ውስጥ አስቀምጣ ስታብሰለስለው ከረመች። የኔም መንገደኞች እንግዲህ በዚህ ሰዓት ከዳር ተነስተው እየመጡ ነው። ታዲያ በየሁለት ቀኑ ሆስፒታል እየሄድኩ ነርሷ ውሃ ስትለቅባቸው፣ በጎዝ ስትፈትጋቸው፣ ደክመው የመጡበትን መንገድ ጠርጋ ደፋችባቸው ማለት አይደለም እንዴ? ለካ ለዚህ ነው ስኳር ያለበት ሰው ቁስል አልድን ያለው! እነሱ ይመጣሉ፣ እኛ እንጠርጋቸዋለን። ከዚህ በኋላ ቆርጣ ወሰነች። ቁስሏን አታሳጥብም፤ ፋሻዋንም አታስቀይርም። እግሯ እንደሆነ ከድሮም ደንዝዟል፣ አያማትም። የቁስሉን አለማመምም መዳን ብላ ቆጠረችው።

ይህ ነገር እንዴት ተደበቀ ቢባል፣ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ከሦስቱ ሁለቱ አይነጋገሩም። የተቃቃሩት ሐኪሙ ዶክተር ሕዝቅያስ «ቁስሉ በእጥበት ካልተሻለው ትንሿን ጣት ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል» ባለ ዕለት ነው። አባቢያ «የሚስቴን ገላ ማንም አይቆርጥም!» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። ላምያ ደግሞ እዚያው፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ካስፈለገ ይቆረጣላ፣ አባ! አንተ ነህ የምታውቀው?» አለችው። አባቢያን ያቃጠለው ነገሩ አይደለም፣ በሰው ፊት መባሉ ነው። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ አንድ ማዕድ ዙሪያ ተቀምጠው በከድጁ በኩል ይላላካሉ። «ለልጅሽ ንገሪያት፣ በሩን ቀስ ብላ ትዝጋ።» «ለአባ ንገሪው፣ መብራቱን ከፍያለሁ።» ከድጁም በአንድ ፊት እያጎረሰች በሌላ ፊት ቃል ታቀብላለች። እና ለአባቢያ «ዛሬ ላምያ ወስዳኝ ታጠብኩ» ትለዋለች፤ ለላምያ «አባትሽ በባጃጅ አድርሶኝ መጣሁ» ትላታለች። እነሱ እንደሆነ አይጠያየቁ! ውሸት እንዲህ የተመቸ ቤት ከየት ያገኛል?

ሽታው ግን ነበር። ሽታው ሲመጣ ከድጁ «ኡፍ፣ ይሄ የላምያ ዓሣ» አለች። አባቢያ አመናት፤ በልጁ ላይ ሌላ ቂም ጨመረ እንጂ ምንም አልተናገረም። ላምያም ጠዋት ጠዋት ስትወጣ እየተቻኮለች፣ ማታ ስትገባ ዓይኗ የቀኑ ፊልም ላይ ሆኖ፣ የመድኃኒትና የእርጥበት ሽታ ነው ብላ ታልፈዋለች።

የዛሬውም ጠዋት እንደሌላው ጠዋት ጀመረ። አባቢያ ሻዩን ጠጥቶ ወደ ሱቁ ወረደ። ላምያ ቅርፊቷን አስተኛች፣ ስልኳን ገጠመች፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ እናቷን ልትስም ጎንበስ ስትል ቆም አለች። «እማ፣ ጉንጭሽ ይተኩሳል።» «ብርድ ልብሱ ነው፣ ወፍራም እኮ ነው። ሂጂ ይረፍድብሻል» አለቻትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ላምያ ቅር እያላት ወጣች። በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ቀኑ ለከድጁ ቀን መሆኑ ቀረ። ብርድ ብርድ አላት፣ ወዲያው ደግሞ ሞቃት። መስኮቱ ላይ የሚዛን ጉም ገና አልተነሳም ነበር፤ ከማዶ ያለው ጫካ ይታያል ሲባል ይጠፋል፣ ጠፋ ሲባል ብቅ ይላል። ከታች በመንገዱ ወደ አማን ከተማ የሚወርዱ ሰዎች ጉሙ ውስጥ እግራቸው አይታይም፤ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። አንዲት ሴት ሙዝ ተሸክማ ታልፋለች። ሁለት ልጃገረዶች ዣንጥላ ተጋርተው ያልፋሉ። ጎረቤት ጓሮ ሰሌን ላይ የተሰጣው ጀንፈል ቡና ጠል ይዞ ጠቁሯል። ከድጁ ሁሉንም ከላይ ሆና የምታይ መሰላት፤ ከተማው መስታወት ላይ ያረፈ ጠብታ፣ ሰዉ ደግሞ ከዳር የተነሳ መንገደኛ። ሁሉም ወደ መሀል ይሄዳል። የሚቸኩል የለም። እሷም ራሷ በልጅነቷ ከጅማ ሙሽራ ሆና ስትመጣ ታየቻት፤ በጨው ጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ፣ በአባቢያና በሾፌሩ መሀል ተጣብቃ፣ መንገዱ በጫካው ውስጥ እየተጠማዘዘ፣ ማንም ሳያናግራት። ያን ጊዜ ፈርታ ነበር። አሁን ግን ከላይ ስታየው መኪናው እንዴት ቀስ ብሎ፣ እንዴት ረጋ ብሎ ይሄዳል! ደስ አላት። በጣም ደስ አላት። እዚያው በተቀመጠችበት ዓይኗ ተከደነ።

የነቃችው በየነች ስትጠራት ነው። በየነች ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ የአጥር ጎረቤቷ ናት፤ ወላጆቿ ከሰሜን መጥተው እዚህ ቀሩ፣ እሷም እዚሁ አረጀች። ከጓሮዋ ያወረደችውን አቮካዶ በሳህን ይዛ ገብታ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ሽንኩርት ኪሎው መቶ ሃያ መግባቱን፣ የቴፒ መንገድ በጭቃ መበላሸቱን፣ የልጇ ሚስት አለማረገዟን ተናገረች። ከድጁ እሺ እሺ ትላለች፤ የበየነች ድምፅ ግን አንዴ ከቅርብ አንዴ ከሩቅ ይመጣባታል። በመሀል በየነች አፍንጫዋን በሻርፗ ጫፍ ያዝ አደረገች።

«ከድጁዬ፣ እንዲያው ይቅርታ አድርጊልኝና ይሄ ቤት ምን ሞቶበታል?»

«የላምያ ዓሣ ነው፣ ተይኝ እባክሽ።»

«ዓሣውንማ በረንዳው ላይ ባልዲ ውስጥ ሲዋኝ አይቼው ገባሁ። ከኔም ከአንቺም ይበረታል።» በየነች ዓይኗን ብርድ ልብሱ ላይ አሳረፈች። «እግርሽ እንዴት ነው? ልየው እስቲ።»

«ትናንት ታጥቧል። የታሰረ ነገር አይፈታም» አለች ከድጁ፣ ብርድ ልብሱን በሁለት እጇ ጨምድዳ። በየነች አልጨቀጨቀችም። ሰው በቤቱ አይነዘነዝም። ነገር ግን ስትወጣ ወደ ቤቷ አልገባችም፤ ቀጥ ብላ ወደ አባቢያ ሱቅ ወረደች። «ቤትህ ይሸታል፣ ሚስትህም ደህና አትመስልም። እኔን ከመጣላት ሄደህ እይ» አለችው።

አባቢያ ዙሁሩን ሰግዶ ሱቁን ዘጋና መጣ። መጀመሪያ የገባው ወደ ከድጁ አይደለም። ሰው ሲፈራ ቁጣ ይቀድመዋል፤ በየት በኩል እንደሚፈራ ስላላወቀ የተቆጣው በዓሣው ላይ ነው። ባልዲውን ከነዓሣው አንስቶ በአጥሩ በኩል ወደ ጎርፍ መውረጃው ደፋው። ዝናቡ ጀምሮ ስለነበር ቦዩ ይጮኻል፤ ቆሮሶዎቹ አንዴ ብልጭ ብለው ከውሃው ጋር ሄዱ። ባልዲውን በሳሙና አጠበ፣ ደፋው። ወደ ቤት ገባ። ሽታው ግን አለ። ወደ ጓዳ ገባ፣ ቆሻሻ መጣያውን ደፍቶ መጣ። አሁንም አለ። የትንሿ ክፍል በር ላይ ቆሞ አየር ሳበ። ከድጁ ከንፈሯ ደርቆ፣ ዓይኗ አብርቶ ትመለከተዋለች። «መጣህ?» አለችው በለስላሳ ድምፅ። «ዛሬ መኪናው እንዴት ቀስ ብሎ ሄደ!» የምን መኪና እንደሆነ አልገባውም።

ላምያ ራሷ ደግሞ ጠዋት የሳመችው ጉንጭ ትኩሳት አላስቀምጥ ብሏት ክፍለ ጊዜዋን ለሌላ ሰው ሰጥታ በዝናብ እየበሰበሰች ደረሰች። ባዶውን ባልዲ አየች።

«ዓሣዎቼስ?»

አባቢያ እንደለመደው ወደ ከድጁ ዞረ። «ቤቱን ስላገሙት ደፋኋቸው በያት።»

«በሕይወት ያለ ዓሣ አይገማም፣ አባ! ውሃቸውን በየቀኑ ነው የምቀይረው።»

«ታዲያ አሁንስ ይሄ የምንድን ነው ሽታው?» ሳያውቀው ለራሷ መለሰላት።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። ላምያ እናቷን አየች፣ ከዚያ አባቷን። ድምፅዋ ቀነሰ። «ትናንት ስታሳጥባት ነርሷ ምን አለችህ?»

«እኔ? አንቺ አይደለሽ እንዴ የወሰድሻት?»

በዚያች ክፍል ውስጥ ከዚህ በኋላ ማንም ሰው ማብራሪያ አላስፈለገውም። ላምያ ቦርሳዋን መሬት ጥላ ወደ አልጋው ስትመጣ ከድጁ እግሯን ወደ ደረቷ ሰበሰበች። «አትንኩብኝ! ሊገናኙ ነው። ትንሽ ነው የቀራቸው።»

«እነማን ናቸው የሚገናኙት?» አለ አባቢያ፤ ጠዋት የሰማው ነገር ትዝ ብሎት ፊቱ አመድ መስሏል።

«መንገደኞቹ ናቸዋ። ልጅህ ታውቃቸዋለች፣ ጠይቃት። ከታጠቡ እኮ ይወሰዳሉ፤ ይህን ሁሉ መንገድ መጥተው!»

ላምያ የሰማችው የራሷን ቃል ነው። አፈረች። ፈራችም። ካፈረችው ይልቅ የፈራችው ይበልጣል። መጮህ አማራት፣ ማልቀስም አማራት፣ ግን እናቷ እግሯን ታቅፋ እንደ ሕፃን ስታያት ሁለቱንም ተወችውና አልጋው ሥር ተንበረከከች።

«እማ፣ የኔዎቹን እኮ አጥባቸዋለሁ።»

«ማንን?»

«የዓሣዎቹን። መስታወቱ ላይ ሳላስተኛቸው በፊት አጥባቸዋለሁ። ካቆየኋቸውም ያረጀውን ውሃ ደፍቼ አዲስ አደርግላቸዋለሁ። ያለዚያ በገዛ እድፋቸው ታፍነው ያልቃሉ።»

ከድጁ አላመነችም፤ ልጇን ለረጅም ጊዜ ትክ ብላ አየቻት። «ታጥቢያቸዋለሽ? ውሃው አይወስዳቸውም?»

«ጨብጠው ነው የሚሄዱት፣ እማ። ከፊት ይጨብጣሉ፣ ከኋላ ይለቃሉ። የያዙትን ውሃ አያስለቅቃቸውም። የሞተ ነገር ላይ ግን አይወጡም። የሞተ ነገር ካገኙ እዚያው ይቆማሉ።»

«ይጨብጣሉ?»

«ይጨብጣሉ።»

ከድጁ እጇን ከእግሯ ላይ አነሳች። ቀስ ብላ ነው ያነሳችው፤ ጣቶቿ አንድ በአንድ ለቀቁ። «እንዲህ መሆኑን ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?» አለች። ላምያ ካልሲውን በመቀስ ቀደደችው። ፋሻው ከቆዳው ጋር ተጣብቋል። ትንሿ ጣት ጠቁራለች፣ አጠገቧ ያለችውም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም፤ ቅላቱ ደግሞ በውጪ በኩል እስከ ቁርጭምጭሚቷ ወጥቷል። አባቢያ አየ። ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለና «ያ ረቢ፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» አለ። «አንተ አይደለህም» ያለው ሰው ግን አልነበረም።

ባጃጅ ያመጣችው ላምያ ናት። አባቢያ ሚስቱን አቅፎ ጭቃውን ተሻገረና ከኋላ ወንበር አስቀመጣት፤ እሷ መሀል፣ እነሱ ዳርና ዳር። በንጹህ ፎጣ የተጠቀለለውን እግሯን ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ያዘ። ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር እጁ ከፍ ይላል፣ እግሯ እንዳይመታ። የባጃጁ ላስቲክ በዝናብ ላበት ደብዝዞ ከተማው በዚያ ውስጥ ይታያል፤ መብራት የመሰለ፣ ጥላ የመሰለ፣ የሚሄድ ነገር ሁሉ። ከድጁ ታያለች። ቅድም መስኮቱ ጋ ሆና ስታየው ደስ ያሰኛት ነበር። አሁን ግን ሰዎቹ ከዝናብ የሚሸሹ ሰዎች ናቸው፤ ሸራ ይዘው ወደተሰጣ ቡናቸው የሚሮጡ ሴቶች፣ ሱቅ በረንዳ ላይ የተጠጉ ተማሪዎች። ትኩሳቱ እንዳለ ነው፤ ሕልሙ ግን ከላይዋ ላይ ተነስቷል። ቀዘቀዛት፤ እግሬን ላጣ ነው ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰበች። የባሏን እጅ ያዘች።

ዶክተር ሕዝቅያስ ፎጣውን ገልጦ አየ። ወጣት ነው፤ ክፉ ነገር ሲናገር ዓይኑን አይሰብርም፣ ድምፁን ግን ዝቅ ያደርጋል። «እናቴ፣ ያን ጊዜ ያልነው ስለ አንዲት ጣት ነበር» አላት። «አሁን ጣቶቹን በሙሉ፣ የእግርሽንም ግማሽ ማውጣት አለብን። ዛሬውኑ። ነገ ካልን ስለ ጉልበት ነው የምናወራው። የሚቀረው ንጹህ ከሆነ ይድናል፣ ተረከዝሽ ስላለ ቆመሽ ትሄጃለሽ።» ይህን ብሎ የፈቃዱን ወረቀት ለአባቢያ ዘረጋ፤ እንደ ወጉ መጀመሪያ የሚጠየቀው ባል ነው። አባቢያ ወረቀቱን ተቀበለ፤ እስክሪብቶውን ግን አልተቀበለም። ማንም አይቆርጥም ያለ አፉ አሁን ምንም የሚለው የለውም። ላምያ ግድግዳውን ታያለች።

«ወዲህ ስጠኝ» አለች ከድጁ። «እግሩ የኔ ነው። የዋሸሁትም እኔ ነኝ።» ወረቀቱን ከባሏ እጅ ወስዳ፣ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስሟን ጻፈች፤ የተማረችው በጎልማሶች ትምህርት ነው፣ ፊደሏ ትልልቅ ነው። ከዚያ አለቀሰች። ድምፅ አውጥታ፣ ሰው እያያት፣ ለእግሯ አለቀሰች። ማንም ዝም በይ አላላትም።

ተሽከርካሪ አልጋ መጣ። ነጭ ጋውን የለበሱ ሁለት ሰዎች ሲያስተኟት አባቢያ በአንድ ወገን፣ ላምያ በሌላው ወገን ሆነው ኮሪደሩን አብረው ሄዱ። የቀዶ ጥገናው በር ጋ ሲደርሱ ነርሷ ቤተሰብ ከዚህ አያልፍም አለቻቸው። አባቢያ ጎንበስ ብሎ የሚስቱን ግንባር ነካ። ምን እንደሚላት ጠፋው። ስለጠፋው የለመደውን ተናገረ።

«ለልጅሽ ንገሪያት፣ ቤት ሄዳ ብርድ ልብስ ታምጣልሽ።»

ላምያም ከወዲያ ወገን፣ አባቷን ሳታይ፣ «ለአባ ንገሪው፣ እሱ ይሂድ፤ ሐኪሙ ቢጠራ እኔ እዚህ ልሁን» አለች።

ከድጁ ከትራሱ ላይ ቀና አለች። ትኩሳት ያቀላው ዓይኗ አንዴ ወደ ባሏ አንዴ ወደ ልጇ ሄደ። ነርሷ አልጋውን ልትገፋ ስትል በእጇ አስቆመቻት።

«አልነግርም» አለች። «እስከዛሬ የናንተን ቃል ስታመላልስ የኖረችው ይቺ እግር ናት፤ ይኸው ግማሿን ሰጠሁ። የቀረችውን ግን ለራሴ መሄጃ ነው የምፈልጋት። ቃል ያለው ሰው በራሱ አፍ ይናገር።»

አልጋው ተገፋ። ጣሪያው ላይ ያሉት መብራቶች በላይዋ አለፉ። «ቢስሚላህ» አለች። ጆሮዋ ግን ወደ ኋላ ነበር። በመጀመሪያ ምንም አልሰማችም፤ የአልጋው ጎማ ይንጫጫል። ኋላ፣ በሩ ቀስ እያለ ሲዘጋ፣ አባቢያ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማች።

«ላምያ።»

«አቤት።»

«ምሳ በልተሻል?»

«አልበላሁም፣ አባ።»